ከራጉኤል እስከ ገፈርሳ በብስክሌት

በመርካቶ ራጉኤል ሠፈር የሚኖር ቤተ ሰብ ስለ ውኃ ሳይነጋገር የሚያድርበት ቀን የለም። ቧንቧው መጣ ወይስ ሄደ፣ በርሜሉ ሞላ ወይስ ጎደለ፣ ለነገው ሊጥ የሚበቃ ተቀድቷል ወይስ አልተቀዳም እየተባለ ማታ ማታ ይመከራል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚነገርለት ውኃ ከወዴት ተነሥቶ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ጠይቆ፣ ሄዶም በዓይኑ ያየ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኛም ዕድሜያችንን በዚሁ ሠፈር ስናሳልፍ ከማያውቁት ወገን ነበርን።

ከዚህ አለማወቅ ያወጣን የዐሥራ ሦስት ዓመቱ የእኅታችን ልጅ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት እንደ ገባ አንድ ቀን ማለዳ፣ ይህ ልጅ ብስክሌቱን ግቢ ውስጥ አቁሞ አንድ ባልዲ ሙሉ ንጹሕ ውኃ ሲያፈስበት ደረስንበት። ገና ሁለተኛውን ባልዲ ሊያነሣ ሲል ተቈጣነው። እርሱም በድፍረት ሳይሆን በእውነተኛ መደነቅ፣ «ጋሼ፣ ቧንቧውን ስንከፍተው ይመጣ የለም እንዴ? ታዲያ ከየት ነው የሚያልቀው?» ብሎ ጠየቀን። መልስ ልንሰጠው አፋችንን ከፈትን፤ ነገር ግን መልሱን አላገኘነውም። «ከገፈርሳ ይመጣል» ሲባል ሰምተናል፤ ገፈርሳ ግን ለእኛም ቢሆን የመንገድ ላይ ስም እንጂ ያየነው ስፍራ አልነበረም። ስለዚህ ልጁን በቃል ከመገሠጽ ይልቅ ይዘነው ሄደን አብረን ብናየው ይሻላል ብለን፣ የሚከተለውን ቅዳሜ ለዚሁ ቀጠርን። ጉዞው በዚያችው በታጠበችው ብስክሌት እንዲሆን ደግሞ ልጁ ለመነን፤ እኛም ተስማማን።

ሦስት ሆነን ተነሣን። ሦስተኛው ጓደኛችን ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ጎረቤታችን ናቸው። በወጣትነታቸው በመርካቶ መንገዶች የነጋዴዎችን ዕቃ በብስክሌት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ስለ ሆኑ፣ ከእኛ ከሁለታችን ይልቅ የመንገዱን ነገር የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ስንቃችን በሶና ቆሎ፣ ለእያንዳንዳችንም አንዳንድ ጠርሙስ ውኃ ነበር። ጎረቤታችን በዚህ ላይ የጎማ መንፊያ ፖምፓ፣ የካላማዳሪያ ቁራጭ፣ ማስቲሽና አንድ የብሎን መፍቻ በጨርቅ ጠቅልለው ከወንበራቸው ሥር አሰሩ። «ጎሚስታ ያለው በከተማ ነው፤ ከከተማ የወጣ ሰው ጎሚስታውን ይዞ ይወጣል» አሉን።

በጎሕ ሲቀድ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰምቶ፣ የአጠገቡም የአንዋር መስጊድ አዛን ካበቃ ጥቂት ቈይቶ ነበር። በዚህች ሰዓት መርካቶን ላላየ ሰው ነገሩ ያስገርማል። ቀን ላይ ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋው ሕዝብ የለም፤ ተሸካሚዎች በጋሪያቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያሟሙቃሉ፤ የሱቆቹ በሮች እንደ ተዘጉ ናቸው። ብስክሌተኛ በመርካቶ እንደ ልቡ የሚሄደው በዚች አንድ ሰዓት ብቻ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በአውቶቡስ ተራ በኩል ወጣን፤ በጳውሎስ ሆስፒታልና በዊንጌት አልፈን ወደ አስኮ አመራን። የጭነት መኪናዎች ከመብዛታቸው በፊት ይህን ክፍል መጨረስ አለብን ብለን ስለ ነበር ብዙ ሳንነጋገር፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ሆነን፣ የመንገዱን ቀኝ ዳር ይዘን ሄድን።

ይህ መንገድ ተራ መንገድ አይደለም። ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት ግን ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን አዲስ ዓለምን ያገኛል። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓመታት የአዲስ አበባ ማገዶ እየተመናመነ በሄደ ጊዜ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥትም አስጀምረው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድም በአገራችን ለተሽከርካሪ ተብለው ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ነው። ኋላ ግን ዋና ከተማነቱ በአዲስ አበባ ጸና፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው አዳራሽም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ዛሬ ደብረ ጽዮን ማርያም ይባላል። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት ከአውስትራልያ ምድር የመጣው፣ በ1880ዎቹም መተከል የጀመረው ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። እንግዲህ እኛ የምንሄድበት መንገድ፣ ከተማ ያለ ዛፍ መኖር እንደማይችል አባቶቻችን የተማሩበት መንገድ ነው። ያለ ውኃስ? ይህን ደግሞ እኛ ልንማር እየሄድን ነበር።

አስኮ ላይ ከአንዲት ሻይ ቤት በረንዳ አረፍን። ልጁ ብስክሌት ለመላላኪያ እንጂ ለሌላ ነገር የሚሆን አይመስለኝም ነበር ሲል፣ ጎረቤታችን ፈገግ ብለው በልጅነታቸው ከታላላቆቻቸው ሲወራ የሰሙትን ነገሩት። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ ስትካፈል፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበሩ። እኛም በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ አገር ታላቁ የብስክሌት ውድድር በመካፈል ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው መሆኑን ጨመርንለት። ልጁ ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን የያዘበት አያያዝ ተለወጠ፤ መሪውን ቀና አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ይወጣ ጀመር። እስከ ቡራዩ ድረስ አልደረስንበትም።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያለችውን ቡራዩን ካለፍን በኋላ አየሩ ተለወጠ። ብርዱ ጠነከረ፤ የባሕር ዛፉም ሽታ ከጭስ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። ከከተማው መካከል ገፈርሳ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ቁመቱም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ስለሚጠጋ ከመርካቶ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ መሄጃው በጥቂት በጥቂቱ ዳገት ነው፤ ለልጅም ለሽማግሌም የሚቻል፣ ግን ትንፋሽን የሚጠይቅ ዳገት። ካልቸኮሉ ያወጣል፤ የቸኮለ ግን መካከሉ ላይ ወርዶ ይገፋል። የቸኮለው ማን እንደ ነበረና ማን ወርዶ እንደ ገፋ መናገር አያስፈልገንም፤ ልጁ ራሱ ያውቀዋል።

ከአስፋልቱ ወርደን በባሕር ዛፉ መካከል ወደሚያልፈው የገበሬዎች መንገድ ስንገባ የጉዞው መልክ ፈጽሞ ተለወጠ። መጀመሪያ ጠጠር ነበር፤ ከዚያ ቀይ አፈር፤ በረባዳው ስፍራ ደግሞ ከክረምቱ የተረፈ ጥቁር ጭቃ፤ ከዛፉ ሥር ሲሆን የረገፈ ቅጠል እንደ ሰሌን ተነጥፎ የሚያንሸራትት መንገድ። አንዱን በለመዱ ጊዜ ሌላው ይመጣል። እዚህ ላይ ጎረቤታችን መምህራችን ሆኑ። በአስፋልት ላይ ጠንክሮ የተነፋ ጎማ በጠጠር ላይ እንደ ኳስ ስለሚነጥር ከነፋሱ ጥቂት እንድናወጣለት አደረጉን፤ ጎማው ሲለሰልስ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዛልና። በቁልቁለት የፊተኛውን ፍሬን ብቻ አጥብቆ መያዝ ሰውን በመሪው ላይ አሻግሮ እንደሚጥል፣ ስለዚህ ሁለቱንም በለዘብታ፣ ይልቁንም የኋለኛውን ማስቀደም እንደሚገባ አሳዩን። በጭቃ ውስጥ ደግሞ መሪን ከማጠማዘዝ ቀጥ ብሎ፣ ሳያቋርጡ እየረገጡ ማለፍ ይሻላል። «ከመሬቱ ጋር አትጣላ፤ እርሱ ወደሚልህ ሂድ፤ አንተ ግን መርገጥህን አትተው» አሉት ልጁን። ይህ ምክር ለብስክሌት ብቻ የተነገረ አልመሰለንም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዛፎቹ ግንድ መካከል አንድ ሰፊ የሚያብለጨልጭ ነገር ታየ። ልጁ «ቆርቆሮ ነው?» አለ። የመርካቶ ልጅ ነውና የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ቆርቆሮ ይመስለዋል። ቀረብ ስንል ግን ውኃ ሆኖ ተገኘ፤ እስከ ማዶው ኮረብታ ግርጌ የተኛ፣ ነፋስ ሲነካው የሚሸበሸብ ውኃ። ልጁ ብስክሌቱን አስተኝቶ ዝም ብሎ ቆመ። እኛም ቆምን። ስንት ዓመት በባልዲ ስንለካው የኖርነው ውኃ እንዲህ ሜዳ ሙሉ ሆኖ ተኝቶ ስናየው፣ ምን እንደምንል አላወቅንም።

ገፈርሳ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚያቀርቡት ግድቦች በዕድሜ አንጋፋው ነው። የትንሹ አቃቂ ወንዝ መነሻ ከሆኑት ምንጮችና ጅረቶች የሚወርደው የክረምት ውኃ በዚህ ይጠራቀማል። ከዚያም ወደ ማጣሪያው ገብቶ፣ ጭቃው በመድኃኒት ረግቶ ይዘቅጣል፤ በአሸዋ ይጠለላል፤ በክሎሪንም ይጸዳል። ስፍራው ከከተማው ከፍ ያለ በመሆኑ ውኃው በገዛ ክብደቱ ቁልቁል እየተንደረደረ ወደ ምዕራብ አዲስ አበባ ይወርዳል። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ገፈርሳ ብቻውን ስላልበቃ፣ በምሥራቅ በኩል የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የድሬም ግድብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጨመሩ፤ ከአቃቂም የከርሠ ምድር ውኃ በጉድጓድ ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ ከአንድ ቧንቧ የሚወርደው ጠብታ ከየትኛው እንደ መጣ ለይቶ መናገር ባይቻልም፣ የሁሉም ታላቅ ወንድም ገፈርሳ ነው። ከጠባቂዎቹ አንዱን ሰላም ብለን የምናልፍበትን ጠየቅነው። እስከ የትኛው ድረስ መሄድ እንደሚፈቀድ በጣቱ አሳየን፤ ወደ ውኃው መውረድ፣ መታጠብና መዋኘት ክልክል መሆኑንም ነገረን። እኛም በዚያው ወሰን ውስጥ ከዛፉ ሥር ያለውን መንገድ ይዘን ቀስ ብለን ሄድን።

ውኃው ዳር ላይ ነጭ ወይም ሰማያዊ አልነበረም፤ ወደ ቀይ ያደላ ነበር። ልጁ ምክንያቱን ጠየቀ። መልሱ ከእግራችን በታች ነበር። በባሕር ዛፉ ሥር ሣር ጥቂት ነው፤ ሥሩ ውኃ ይስባል፤ ቅጠሉም ሌላ ተክል እንዳይበቅል ይከለክላል። ማገዶ ፈላጊም የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ይወስዳል። በዚህ ላይ ከላይ ያለው ዳገት ሲታረስና ቤት ሲበዛበት፣ ዝናቡ አፈሩን እየጠረገ ወደ ግድቡ ያወርደዋል። አፈሩ በግድቡ ውስጥ ሲዘቅጥ የውኃው ቦታ ይጠብባል። በርሜሉ ግማሹን ድንጋይ ቢሞላ ስንት ባልዲ ይይዛል? ልጁ ይህን ራሱ አሰበው፤ «ታዲያ ይጎድላላ!» አለ። ጎረቤታችንም በስተደቡብ ምዕራብ ጥቁር ሆኖ የሚታየውን የወጨጫን ተራራ አሳዩት። በዚያ ተራራ ዳገት ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የሞላበት ነው። በ15ኛው ምእተ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። በእንደዚያ ያለ ደን ሥር ምድሪቱ እንደ ስፖንጅ ውኃውን ይዛ ጥቂት በጥቂት ትለቀዋለች። ባሕር ዛፍም ለማገዶና ለቤት ሥራ ባለ ውለታችን ነው፤ ነገር ግን የጽድን ሥራ አይሠራም።

በዳር ባለው ረግረግ ላይ ዝይዎች ይግጡ ነበር። አካላቸው ግራጫ፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ ሰማያዊ ነው፤ ይህ ዓይነት ዝይ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ከአውሮጳና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው ከመጡ ዳክዬዎች ጋር ጎን ለጎን ሆነው አየናቸው። በእግር የሚመጣ ሰው ይደክማል፤ በመኪና የሚመጣ አያያቸውም፤ ብስክሌት ግን ድምፅ ሳያሰማ ስለሚደርስ ዝይዎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩንና መልሰው መጋጣቸውን ቀጠሉ።

የጉዞውን ዋና ትምህርት ያገኘነው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የልጁ የኋላ ጎማ በእሾኽ ተወግቶ ተነፈሰ። ጎረቤታችን ጎማውን አወጡ፤ ካላማዳሪያውን ነፉት፤ ነገር ግን ቀዳዳው እጅግ ትንሽ ስለ ነበረ በዓይንም በጆሮም አልተገኘም። እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚታወቀው ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋ ሲያወጣ ነው። ውኃ በሃምሳ እርምጃ ላይ ሜዳ ሙሉ ተኝቷል። ልጁ ካላማዳሪያውን ይዞ ሊሮጥ ሲል ጎረቤታችን ክንዱን ያዙት። «ተው ልጄ፤ ይህ የአገር ሁሉ እንስራ ነው። በሰው እንስራ እጅ አይነከርም» አሉት። የያዝነውን ጠርሙስ ብናይ ሁሉም ባዶ ነበር።

ስለዚህ ብስክሌቱን እየገፋን በአቅራቢያው ወዳለች አንዲት ጎጆ ሄድን። ጎረቤታችን ኦሮምኛ ያውቃሉና «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ሰጡ። አንዲት እናት ወጥተው መለሱላቸው፤ እኛንም ሲያዩ «ግቡ፣ ከፀሐይ ግቡ» አሉን በአማርኛ። ችግራችንን ነገርናቸው። እሳቸውም አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወደ ውስጥ ገብተው ሳፋና ጀሪካን ይዘው ተመለሱ። ጀሪካኑ ከግማሽ በታች ነበር። ከየት እንደሚቀዱት ብንጠይቃቸው ከኮረብታው ማዶ ካለ ምንጭ በጀርባቸው እንደሚያመጡት፣ ዛሬ ጠዋትም አንድ ጊዜ እንደ ተመላለሱ ነገሩን። እኛ «ጥቂት ይበቃል፣ እናቴ» ስንል እሳቸው ሳፋው እስኪሞላ አፈሰሱት። «እንግዳ በእጁ አይለካም» አሉ።

ካላማዳሪያው ተነከረ፤ አረፋው ወጣ፤ ቀዳዳውም ተገኘ። ልጁ ደስ ብሎት ሳፋውን አነሣና ውኃውን ወደ ውጭ ሊደፋ ሲል እኒያ እናት እጃቸውን ዘረጉ። «አትድፋው ልጄ፤ ጥጃዋ ትጠጣዋለች።» ከዚያም ከሳፋው ሥር የተረፈውን ዝቃጭ ከደጅ ላለችው የጌሾ ተክል አፈሰሱላት። ከአንዱ ሳፋ ውኃ ሦስት ሥራ ተሠራ፤ አንዲት ጠብታም ሥራ ፈት አልቀረችም። ልጁ ፊቱ ቀላ። ምንም አላልነውም፤ የምንለውም አልነበረም። በሶአችንንና ቆሎአችንን አብረን ቀመስን፤ እሳቸውም ቡና ካላፈላሁ አትሄዱም አሉ። ቡናው በዚያው ጀሪካን በተረፈው ውኃ እንደሚፈላ ስለ ገባን፣ ምሽት ይደርስብናል ብለን ተማጥነን ተመረቅንና ወጣን። ልጁ ግን ጀሪካኑን ይዞ ከኛ ቀድሞ ጠፋ። ምንጩን እስኪያገኝ፣ ሞልቶም እስኪመለስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠበቅነው። ሲመጣ ትከሻው ረጥቦ፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መመለሻው ቁልቁለት ነው። እኛና በቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ አብረን ወደ ከተማ የምንወርድ ይመስል ነበር። ልጁ እንደ ጠዋቱ አልቀደመንም፤ ከኋላችን ዝም ብሎ ይመጣል። አስኮ ስንደርስ ብቻ፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን ስንት ባልዲ ነው ያፈሰስኩት?» ብሎ ጠየቀ። «አንድ፤ ሁለተኛውን አስቁመንሃል» አልነው። ጥቂት አስቦ፣ «የሳቸው ጀሪካን መሆኑ ነው» አለ።

አንባቢዎቻችን እንዲህ ያለውን ጉዞ ከልጆቻቸው ጋር እንዲሞክሩት እንመክራለን። ለጀማሪ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድ ስላለው፣ ከመኪና ተለይቶ በዛፍ ሥር ለመለማመድ ይመቻል። ወደ ገፈርሳ የሚሄድ ግን በማለዳ ይነሣ፤ የራስ መከላከያ ቆብ ያድርግ፤ የብስክሌቱን ፍሬንና ካቴና ከመነሣቱ በፊት ያስመርምር፤ ውኃ በርከት አድርጎ ይያዝ፤ ጠባቂዎችን ይጠይቅ፤ ከያዘው ነገር አንድ ቁራጭ ላስቲክ እንኳ ከውኃው ዳር ጥሎ አይመለስ። ሴቶች ልጆችንም አታስቀሯቸው፤ በየቤቱ የውኃው ድካም የሚበዛባቸው እነርሱ ናቸውና መነሻውን ማየት ከሁሉ ይልቅ ይገባቸዋል።

ራጉኤል ስንደርስ መርካቶ በሕዝብ ተሞልታ ስለ ነበር ከብስክሌታችን ወርደን እየገፋን ገባን። ሦስቱም ብስክሌቶች ከጎማ እስከ መሪ በቀይ አፈር ተለውሰው ነበር። ልጁ ማንም ሳያዘው አሮጌ ጨርቅ አመጣ፤ በአንዲት ጣሳ ውኃ እያራሰ የሦስታችንንም ብስክሌት ወለወለ። በጣሳው የቀረውን ይዞ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ከደጃችን ያለችውን ጤና አዳም ባየ ጊዜ ሄዶ ከሥሯ አፈሰሰላት።